ኢንተርቪዬ መሃል የገባው ማይክ

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት... ጭሮ ከተማ መብራት ጠፍቷል። እኔ ደግሞ ውጭ አገር ካሉ አንድ ፕሮፌሰር ጋር በቪዲዮ ልገናኝ ግማሽ ሰዓት ቀርቶኛል።

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። በጫት መኪና ወይ በሞተር አደጋ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲመጣልኝ ደሙን አቁሜ ወደ ሌላ ከተማ ከመላክ በቀር የማደርገው የለም። ስንቱ መንገድ ላይ እንደቀረ አውቃለሁ፤ ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ምርምር ላይ የሚያሳትፈኝ ፍለጋ ዓመት ሙሉ ኢሜይል ስጽፍ የኖርኩት። የመለሱልኝ እኚህ ሰውዬ ብቻ ናቸው።

ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሮጥኩ፤ እዚያ ጄኔሬተር አለ። ሽማግሌያችን ኦቦ ገመቹ አስነሱልኝና ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን ክፍል ከፈቱልኝ። አዳራሹ ውስጥ ለጸሎት የመጡ ሰዎች ተሰብስበዋል።

«ኦቦ፣ እባክዎ ድምፅ ቀነስ ያድርጉልኝ።»

«አይዞህ ልጄ፣ በሹክሹክታ ነው የምንጸልይልህ።»

ኢንተርቪው ጥሩ ሄደ... እስከዚህች ጥያቄ ድረስ።

«ከዚህ በፊት የተቀበልኳቸው ሁለት ሐኪሞች እዚሁ ቀሩ። አንተስ ትመለሳለህ?»

መልሱን በቃሌ ይዤው ነበር። ግን ሰው ዓይን ዓይንህን እያየ ሲጠይቅህ ሌላ ነው። እውነቱን ልናገር? ራሴንም አላመንኩትም።

ይኼኔ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ለካ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ማይኩም ነፍስ ዘርቷል! ማይክ እያለ ደግሞ ኦቦ ገመቹ በባዶ አፍ አይጸልዩም።

«ጌታ ሆይ፣ በሩን ክፈትለት! ግን የላክናቸው ሁሉ ቀርተውብናል! ይሄንን ዴቢሲ! ኑፍ ዴቢሲ!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ለእኔ እየጸለዩ ነው» አልኩ።

«እንድታልፍ?»

«እንድመለስ... በኦሮምኛ ‹መልስልን› ነው የሚሉት።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩ። ይህችን ጥያቄ እነሱ መልሰውልኛል፤ ወደሚቀጥለው እንሂድ።»

ስወጣ ኦቦ ገመቹ በር ላይ ቆመዋል። «ረበሽንህ እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!» አልኳቸው፤ ዓይኔ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ትናንት ተቀብለንሃል የሚል መልስ መጣ። ዛሬ ጠዋት ሥራ ልገባ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ አብዲ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያናችን ማዶ ያለው መስጊድ ጋ ቆሞ ጸሎቱን ሁሉ በማይክ ሰምቷል። ገና ሳልቀመጥ ዞር አለና...

«ዶክተር፣ መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ኧረ ገና አልሄድኩም!»

«መሄድህን ማን ጠየቀህ? ‹ኢንሻአላህ እመለሳለሁ› በል።»

«ኢንሻአላህ እመለሳለሁ» አልኩ... እኔ ጴንጤው!

ቤተ ክርስቲያን በማይክ፣ ባጃጅ ላይ በኢንሻአላህ... እንግዲህ በየት በኩል ነው የምቀረው?