አባቴ ዝም ያሉበት ተረተር

ፍኖተ ሰላም አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌያችን አባቴ የከብት መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ቅጠሉን ጎህ ሲቀድ፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ለብቻቸው ይቆርጣሉ። ስሙ ወይም ቦታው በሰው ፊት ከተነሣ መድኃኒቱ ይረክሳል ባይ ናቸው። እናቴ እንኳ የምታውቀው የተወቀጠውን ዱቄት ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ተምሬ ተምሬ የደረስሁት አሳማ ላይ ነው። በምሠራበት ቤተ ሙከራ የአሳማ በሽታ ቫይረሶችን የሚያዳክም የዕፅ ጭማቂ እንፈልጋለን። ይህን ስነግራቸው አባቴ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርንሽ ለእርያ ኖሯል?» አሉኝ። በማግስቱ ግን የቀረቻቸውን ዱቄት በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። «አሳማውንስ ቢሆን ማን ፈጠረው? ስሙን ብቻ አትጠይቂኝ።»

ዱቄቷ ሠራች። እኛ ዘንድ ሠራ ማለት ብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ከብርጭቆ እስከ ጋጣ ገና ሩቅ ነው። ቢሆንም በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ዱቄቱ በሙከራው ስላለቀ ተክሉ ራሱ ያስፈልገን ነበር። ደውዬ ብዙ ለመንኋቸው። በመጨረሻ፣ «መስከረም ሲጠባ ነይ፤ አሳይሻለሁ» አሉ።

መስከረም ላይ ጎህ ሲቀድ ዝም ብዬ ተከተልኋቸው። ቅጠሉ የሚበቅልበት ተረተር ከጫፍ እስከ ጫፍ የባሕር ዛፍ ችግኝ ሆኗል። አባቴ በችግኞቹ መካከል ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ይጭሩ ጀመር። ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ወንድምሽ በበጋ ለባሕር ዛፍ ሊመነጥረው ሲል፣ ‹አባየ፣ እዚህ የሚፈልጉት ነገር አለ?› ብሎኝ ነበር።»

«ምን አሉት?»

«ምንም የለም አልሁት። አለ ያልሁት እንደሆነ የትኛው ነው ይለኛላ። ሥሩ በክረምት ያቆጠቁጣል ብዬ ነበር።»

ሲመነጠር ቆመው አይተዋል ማለት ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ ነው ያሳደጉን፤ ባሕር ዛፍ ግን ገባበት። ልቆጣቸው አፌን ከፈትሁና አሁንም አፈሩን ሲጭሩ አየሁ። አጠገባቸው ተንበርክኬ አለቀስሁ። እስከ ቡሬ ድረስ ገደል ለገደል ፈለግን፤ አላገኘነውም።

በጥቅምት አባቴ ደወሉልኝ። የወንድሜ በሬ ቆዳው እብጠት በእብጠት ሆኖ ተኝቷል። የእንስሳት ሐኪሙ ለቁስሉ መርፌ ወግቶታል፤ ለቫይረሱ ግን የምሰጠው የለኝም ብሏል።

«ያቺ የወሰድሻት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ቁንጥር ታህል አልተረፈችም?»

«አልቃለች፣ አባየ።»



«ይሁን። የተረተሩን ነገር ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። በገዛ እጄ አጠፋሁት ብሎ ይጎዳል።»

«እሺ፣ አልነግረውም» አልኋቸው።

በሬው ሞተ። ወንድሜ፣ «ለአሳማ ሰጥተው ለእኔ በሬ ነፈጉኝ» ብሎ አባቴን ማነጋገር ከተወ ሰነበተ። በበዓል ቀን እንኳ አይመጣም። አባቴ ደጅ ደጁን እያዩ ዝም ይላሉ፤ እኔም ቃሌን ጠብቄ ዝም እላለሁ።