ደህና ነው ያልኩት ፍሬን

ባለፈው ወር እንጅባራ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ቁልቁለቱን ሲወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ጎማና ፀጉር አንድ ላይ የተቃጠሉ ይመስላል። ሹፌሩን አውርደኝ አልኩት። "እህቴ፣ ገና አልደረስንም እኮ" አለኝ። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ለምን እንደወረድኩ ለእሱ አልነገርኩትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከኮሌጅ እንደወጣሁ በአዘና በኩል ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ተመደብኩ። ጣቢያው በቀርከሃ አጥር የተከበበ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። የምንሠራውም ሁለት ነበርን፤ እኔና ጋሼ የምላቸው፣ ሃምሳውን ያለፉ ክትባት ሰጪ። ያለችን ተሽከርካሪ አንዲት ቀይ ሞተር ናት። ጭቃውንም፣ ድንጋዩንም፣ ወንዙንም የምናልፈው በእሷ ነበር። የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላ አስረን እንወጣለን፤ ገበሬው ድምጿን ከሩቅ ሲሰማ ከብቱንና ፈረሱን ሰብስቦ ይጠብቀናል። ጋሼ በአዊኛ እየቀለዱ ይወጋሉ፣ እኔ እመዘግባለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የሞተሯ ቀን ነበር። የኋላው ጎማ ሲወጣ ከውስጡ ጥቁር ዱቄት ይፈስሳል። ጋሼ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ ጎማውን የሚይዘውን ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ያሹታል፤ ቅባት ጠብ እንዳይልበት እጃቸውን ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ። ጎማውን መልሰው ካሰሩ በኋላ በፍሬኑ ዘንግ ጫፍ ያለችውን ዳዶ ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ ፔዳሉን በእጃቸው ይጫኑታል። "ሁለት ጣት ያህል ወርዶ መያዝ አለበት" ይሉኝ ነበር። ከዚያ ጎማውን ያሽከረክሩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

"ስሚ። ትንሽ ሽው ማለት አለበት። ከጮኸ ጠብቋል፣ ጭራሽ ዝም ካለ ላልቷል።"

እኔም ተንበርክኬ እሰማ ነበር። እርጥብ ቀርከሃና ቤንዚን ይሸታል። ከማዶ፣ ከሰል ከሚከሰልበት የግራር ደን ጭስ ይመጣል። ጉሙ ሲገፈፍ ቀጭን ፀሐይ ግቢው ላይ ትወድቃለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ደስ እያለኝ የተማርኩት ግን የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጋሼ ቀልድ አያውቁም። "ሸራው ካለቀ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም" አሉኝ አንድ ቀን። "ሞተሯ ትቆማለች፣ እኛ በእግራችን እንሄዳለን።"

በዚያው ክረምት የጋሼ ወንድም አረፉና ለለቅሶ ሄዱ። ቁልፉን ሲሰጡኝ "ቅዳሜ አንቺ እዪያት" አሉኝ። ብቻዬን ፍሬኑን ስፈታ የመጀመሪያዬ ነበር። ጎማውን ሳወጣው ሸራው አልቆ የተመታበት ምስማር ራስ ይታያል። እንጅባራ ወዳሉት የመለዋወጫ ሱቆች ደወልኩ። የለም፣ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። ማክሰኞ ደግሞ ክትባት ነው፤ ለሦስት መንደር ተነግሯል። ገና ቁልፉን ከመያዜ "ሞተሯ ቆማለች" ብዬ መናገሩ የእኔ ድክመት ሆኖ ታየኝ። ዳዶዋን እስከ መጨረሻው አጠበቅኋት። ፔዳሉ ሁለት ጣት ወርዶ ያዘ። ጎማውም ሽው አለ። ግቢው ውስጥ ነድቼ ሞከርኳት፤ ቆመች።

ሰኞ ጋሼ ተመለሱ። ፊታቸው በለቅሶ ጠቁሯል።

"አየሻት?"

"አይቻታለሁ።"

"ሸራውስ?"

"ደህና ነው።"

እንደ ሌላ ጊዜ ጎንበስ ብለው አላዩም። አመኑኝ።

ማክሰኞ ብቻቸውን ሄዱ፤ እኔ የታመመ ጥጃ ስለመጣ ጣቢያው ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ጋሼ ሲመለሱ ረጅሙን ቁልቁለት ከገበያ የሚመለስ ሰው ሞልቶት ነበር። የሆነውን የነገረችኝ እዚያው የነበረች አንዲት ድንች ሻጭ ናት። ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት፣ ሞተሯ ግን ስትፈጥን አይታለች። በዚያ ጭቃ የፊቱን ፍሬን አጥብቆ መያዝ ተንሸራትቶ ሰው ላይ መውደቅ ነው። ጋሼ "ዞር በሉ" እያሉ ጮኹ። ማንንም ሳይነኩ ሞተሯን ከመንገዱ አውጥተው ከድንጋይ ካብ ጋር አጋጯት።

በቃሬዛ አመጧቸው። ቀኝ ጉልበታቸውን ማየት አልቻልኩም። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና መልሰው ጨፈኑት።

ከሳምንት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የተላኩ ሁለት ሰዎች ሊጠይቋቸው ሆስፒታል መጡ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። "ፍሬኑን የመረመረው ማነው?" አለ አንደኛው። አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ከአልጋቸው ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ።"

አፌን መልሼ ዘጋሁት። ከውሸቴ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ነው።

ቸልተኛ ተብሎ ተጻፈባቸው፤ ኮንትራታቸውም አልታደሰም። እግራቸው አልታጠፍ እንዳለ ቀረ። ባለቤታቸው፣ እትዬ የምላቸው፣ ወደ ዘመዶቻቸው ወደ ዳንግላ ወሰዷቸው። እኔ በሥራ እድገት ተዛውሬ እንጅባራ ገባሁ። በየዓመቱ ለፋሲካ ልጠይቃቸው እሄድ ነበር። ጋሼ ስለ ፈረሶቹ በሽታ፣ ስለ ገበሬዎቹ ይጠይቁኛል፣ ይስቃሉ። እትዬ ምግቡን ከፊቴ አስቀምጠው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ጠባያቸው ይመስለኝ ነበር። ስንት ጊዜ "ጋሼ፣ ያን ጊዜ..." ብዬ ጀመርኩ። "ብዪ እንጂ፣ ቀዘቀዘብሽ" ይሉና ሌላ ወሬ ያነሳሉ።

ጋሼ ካቻምና ክረምት አረፉ። በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲቀል፣ እትዬ ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከፊታቸው ቆምኩ።

"እትዬ፣ ያን ሸራ ያየሁት እኔ ነኝ። ማለቁን እያወቅኩ ነው ደህና ነው ያልኳቸው።"



"ነግሮኛል" አሉ። "ያኔውኑ፣ ሆስፒታል እያለ። ፔዳሉን ገና ሲረግጠው ነው ነገሩ የገባው። ለሰው እንዳልናገር አስማለኝ። ልጅ ናት፣ ሥራዋን ታጣለች አለኝ። እሱ ከልቡ ይቅር ብሎሻል።"

"እርስዎስ?"

"እኔ አላልኩም። በየዓመቱ ትመጫለሽ፤ ዛሬስ ትናገራለች እያልኩ እጠብቃለሁ፤ በልተሽ ትሄጃለሽ።"

"አሁንስ?" አልኳቸው።

"አሁን ደክሞኛል።"

ልወጣ ዞርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"በዚህ ዝናብ የት ትሄጃለሽ?" አሉኝ። ሳያዩኝ ፍራሹ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ተቀመጥኩ። ዝናቡ እስኪያባራ አጠገባቸው ቆየሁ።