ወደ ቤቷ ስትመለስ የተያዘችው መኪና

ባለፈው ሳምንት ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ የገባ ካርቶን ስከፍት ከላይ እስከ ታች አደይ አበባ ሆኖ አገኘሁት። የላስቲክ ነው። ቻይና ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በሶማሌላንድ ዞሮ ጅጅጋ የደረሰ አደይ። አንዱን ዘለላ ብርሃን ላይ አውጥቼ አየሁት፤ ሽታው የአዲስ ጫማ ነው። ደንበኛዬ የሆነች የፀጉር ቤት ባለቤት "ይሄማ ዓመቱን ሙሉ አይጠወልግም" ብላ ግማሹን ካርቶን ወሰደችው። ነጋዴ ነኝና የማይጠወልግ ዕቃ እወዳለሁ። እሷ ከወጣች በኋላ ግን ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ዴሬ ሳስብ ዋልኩ።

ዴሬ ጓደኛዬ ነው። ስሙ አብዲረህማን ቢሆንም እንደዚያ ብሎ የሚጠራው የለም። ሶማሌ መልክህን ወይ ቁመትህን አይቶ ቅጽል ስም ሳያወጣልህ አይለቅህም፤ ዴሬ ማለት ረጅሙ ማለት ነው። እኔ ሙሉጌታ ነኝ፤ አባቴ ብርድ ልብስ ስለሚሸጥ ግን "ቡስቴ" ነበር የሚሉኝ። ብርድ ልብስ ማለት ነው። ቁመት ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው መስከረም ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በቁጥር ካያችሁት ሩቅ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ዓመት ግን ውጭ ከዋለው ይረዝማል፣ የሸበተው ጢሜ ምስክሬ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጅጅጋ ከተተከለ በኋላ ከሱቁ ወጥቶ ሲሄድ ያየሁት ወደ መጋዘን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ለቅሶ ብቻ ነው። በዚያው ክረምት ቁልፉን ሰጠኝና "እንግዲህ ቦታህ ይኸው ነው" አለኝ። የመረቀኝ መስሎት ነው። እኔ ግን ቁልፉን የተቀበልኩ ሳይሆን የተቆለፈብኝ ነበር የመሰለኝ። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ በር፣ አንድ መንገድ፣ ከመንገዱ ማዶ ያው አንድ የስልክ ካርድ ሻጭ።

ዴሬም ከኔ አይሻልም። እናቱን ሰፈሩ ሁሉ ሆዮ ሃሊማ ይላታል፤ ሆዮ እናት ማለት ነው። የግመል ወተት ነጋዴ ናት። ጎሕ ሳይቀድ ዴሬ መኪናዋን አስነስቶ ወደ ቀብሪበያህ አቅጣጫ ይወርዳል፤ አርብቶ አደር ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው መንገድ ዳር ይጠብቁታል። ወተት እሺ ነገ የሚባል ነገር አይደለም። አንድ ቀን ከቀረህ ሴቶቹ ለሌላ መኪና ይሰጡታል፤ አንዴ ከሰጡ ደግሞ ወዳንተ አይመለሱም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያቺ መኪና የአምስት ልጆች እራት ነበረች።

መኪናዋ በሐርጌሳ በኩል የመጣች፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ አሮጌ ነጭ ቶዮታ ናት። ውስጧ ወተትና ጭስ ይሸታል፤ ሴቶቹ ዕቃውን በጭስ ስለሚያጥኑት ጭሱ ወንበሩ ድረስ ገብቷል። ታርጋ የላትም። እንደሷ ያሉ ጅጅጋ ውስጥ ሞልተው ነበር፤ ከተማው ውስጥ ማንም አይጠይቃቸውም። ቀረጥ ስላልተከፈለባቸው ግን በሐረር መንገድ ካለው ኬላ ማዶ ከተገኙ ኮንትሮባንድ ናቸው፣ ይወረሳሉ። ይህን ጅጅጋ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኛም እናውቅ ነበር። ግን መኪናዋ ከወተት መንገድ ወጥታ አታውቅም፣ እኛም ወጥተን አናውቅም። አጥሩን ገፍታ የማታውቅ ፍየል አጥር እንዳለባት ትረሳለች።

መስቀል ባለፈ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዴሬ ወተቱን አራግፎ ሱቄ በር ላይ ቆመ።

"ዋርያ ቡስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዋላሂ እንዳትስቅ።"

"ካላሳቀኝ።"

"ያ በየዓመቱ ቲቪ ላይ የሚያሳዩት ቢጫ ተራራ፣ እውነት አለ? ወይስ ሥዕል ነው?"

"አለ።"

"አይተኸዋል?"

ተወልጄ ያደግኩት ጅጅጋ ነው፤ አደይ የማውቀው ግድግዳችን ላይ ከሚሰቀለው ካላንደር ነው።

"እና ያላየኸውን ዕቃ አለ ብለህ ትሸጥልኛለህ?" አለና ሳቀብኝ። "ተነስ። ከሐረር ወዲያ ነው ይላሉ። ለአስር ሰዓት ሻይ እንመለሳለን።"

የሱቁን መዝጊያ ስስብ ጎረቤቴ ብቅ ብሎ "ማን ሞተ?" አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ የሚዘጋው ለለቅሶ ብቻ ነው። አበባ ለማየት ልሄድ ነው ብለው እንደማያምነኝ ስለማውቅ "ሩቅ ዘመድ ነው" አልኩት። "እግዚአብሔር ያጥናህ" አለኝ። ተጽናንቼ መኪና ውስጥ ገባሁ።

እኔ በሸበጤ፣ ዴሬ በሽርጡ እንደሆንን የካራማራን ተራራ ወጣን። ጭጋግ ነበር። መሪው በቀኝ ስለሆነ ዴሬ ከፊት ያለውን መኪና ለመቅደም ማየት አይችልም፤ በግራ በኩል አንገቴን አውጥቼ "ና!" ወይም "ተው!" የምለው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ሥራዬ አርቆ ማየት ነበር ማለት ነው። ባቢሌ ልንደርስ ስንል ያለው ኬላ ላይ ዝናቡ ወረደ። ገመዱ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ፈታሾቹ ቆርቆሮው ሥር ተጠግተዋል። የጭነት መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ እኛም የመጨረሻው ጭራ ሆነን አለፍን። ስንት ሰው በተራራ ዞሮ፣ ጨለማ ለብሶ የሚያሳልፈውን ነገር እኛ በቀን፣ ሳናውቀው፣ እየዘፈንን አሳለፍነው።

ከሐረር ወዲያ፣ ሐሮማያን አልፈን ወደ ቀርሳ ስንጠጋ፣ ማሽላውና ጫቱ መሐል ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። ከዚያ አንድ ዳገት ዞርንና ጠቅላላ ኮረብታው ሆነ። ዴሬ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ነፋሱ ሽርጡን እያንገላታው ቆሞ አየ።

"ግመል ይበላዋል?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ።"

"ግመል ካልበላው ይሄን ያህል ለምን በቀለ?"

አበባው ወገቡ እስኪደርስ ድረስ ገብቶ መሐሉ ላይ ቆመ። እኔም ገባሁ። የረጠበ አፈር ይሸታል፣ ንብ አለ፣ ሸበጤ ጭቃ ውስጥ ቀረ። እንጨት የተሸከመች ሴት በመንገዱ ስታልፍ አይታን በኦሮምኛ "ምን ጠፋባችሁ?" አለች። ዴሬ "ምንም" አላት። ሌላ ቀን ቢሆን ዴሬ በየደቂቃው ሰዓት የሚያይ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ስልኩን መኪና ውስጥ ትቶት እንደወረደ ያወቅኩት ስንመለስ ነው።

ስንመለስ ባቢሌ ላይ ለለውዝ ቆምን። ገና ከመጥበሻው የወጣ ለውዝ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን፤ እየቆረጠምን ሳለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መኪናችንን ዞሮ ዞሮ አያት።

"ይቺ በየት ገባች?"

"በዚሁ በመንገዱ" አልኩት።

"ታርጋ የላትም እኮ!"

ዴሬ ለውዙን እንደያዘ እጁ አየር ላይ ቀረ። ያኔ ነው የገባን። ከፊታችን ኬላ አለ፤ ዝናቡ አባርቷል፣ ገመዱም ተነስቷል። ከኋላችን ሐረር ነው፤ እዚያም ብንሄድ በማናውቀው አገር ታርጋ የሌላት መኪና የያዝን ነን። ንጋት ላይ ደግሞ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ።

"በጎን የሚያስገባ መንገድ የለም?" አልኩት ሹፌሩን። ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ ውስጥ ነኝ፤ መላ የሌለው ነገር አይመስለኝም ነበር።

ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። "ከጅጅጋ ኮንትሮባንድ የሚያወጣ መንገድ ከፈለግክ ሁሉም ያሳይሃል። ወደ ጅጅጋ የሚያስገባ መንገድ ግን ማን ያውቃል? ማን ሞክሮት!"

መኪናዋን አንድ ግራር ሥር አስጠግተን ሰው እንዳያየን መስኮቱን ዘግተን ተቀመጥን። ሙቀቱ፣ የወተቱ ሽታ፣ ጭሱ አንድ ላይ ሆነው አፈኑን። ባለ ታርጋ መኪና ሁሉ እያፏጨ ያልፋል። ዴሬ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የሚነዳ ይመስል ወደ ፊት ያያል። ትተናት በሚኒባስ እንሂድ አልኩት። "ወተቱን በጀርባህ ትሸከመዋለህ?" አለኝ። በመጨረሻ ስልኩን አንስቶ ለእናቱ ደወለ። ድምጿ አጭር ነበር። "ቁሙ። መጣሁ።"

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሆዮ ሃሊማ ከሚኒባስ ወረደች። በጥፊ ትለዋለች ብዬ ስጠብቅ ሽርጡ ላይ የተጣበቀውን ቢጫ ብናኝ አየችና በመዳፏ አራገፈችለት። ገብታ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ።

"ንዳ።"

"ሆዮ፣ ኬላው ጋ ይይዙናል።"

"ተደብቄ ወተት ሸጬ አላውቅም። ንዳ አልኩህ።"

ገመዱ ጋ አንድ ወጣት ፈታሽ እጁን ዘረጋ።

"ከየት ነው?"

"ከቤቷ" አለች ሆዮ።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ቤቷ።"

"ታዲያ ወደዚህ ማን አሻገራት?"

ዴሬ ከመሪው ላይ ቀና አለ። "አበባ ልናይ ነው የሄድነው።"

ፈታሹ ባልደረባውን ጠራ። "ና ይሄን ስማ! ከጅጅጋ አበባ ሊያዩ መጡ!"

መቀመጫውን ነቀሉ፣ ጀሪካኑን አሸተቱ፣ ከሥር በባትሪ አዩ። ባጡ ቁጥር ጥርጣሬያቸው ባሰ። በዚያ መንገድ ላይ ከተጫነች መኪና ይልቅ ባዶዋ ታስፈራለች። ሆዮ ወርዳ ልጁ ፊት ቆመች።

"ስማኝ ልጄ። ንጋት ላይ ሴቶች ወተት ይዘው መንገድ ላይ ይጠብቁኛል። መኪናዋን ስጠኝ፤ ከነዚህ ከሁለቱ የፈለግከውን ያዝ።"

"የትኛው ነው የሚጠቅመኝ?"

ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች አየችን። "ዛሬ? አንዳቸውም።"

ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንገቱን ደፋ። "እናቴ፣ ሕግ ነው። ብለቅልዎት ነገ እኔም እዚህ አልቆምም።" እንዲያው ቢያመናጭቀን ይቀለን ነበር። ቁልፉን ከዴሬ እጅ ተቀበለ።

በሚኒባስ ተመለስን። የኋላው ወንበር ላይ እኔና ዴሬ ግራና ቀኝ፣ እሷ መሐል፣ ጉልበታችን ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ። የዳካታ ድንጋዮች በፀሐዩ መጥለቂያ ቀልተዋል። ብዙ ከሄድን በኋላ ሆዮ ፊቷን ሳትመልስ ጠየቀች።

"አበባው እንዴት ነበር?"

ዴሬ ነው የመለሰላት።

"ብዙ ነው ሆዮ። ጠባቂ የለውም።"

"ሀዬ፣ እሺ" አለችና ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። ትስቅ ታልቅስ አላወቅኩም።

በማግስቱ ሴቶቹ ጠብቀው ጠብቀው ወተቱን ለሌላ ሰጡ። ሆዮ በሰው መኪና እየለመነች ቀጠለች፤ ከደንበኞቿ የተመለሱላት ጥቂቶቹ ናቸው። ዴሬ ቶጎጫሌ ወርዶ የሰው መኪና ሹፌር ሆነ፤ አሁንም እዚያው ነው። መኪናዋ ኬላው ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆማ ነበር። ለዕቃ ሐረር ስሄድ በአጥሩ በኩል አያት ነበር፤ ሥሯ ፍየሎች ይተኛሉ። አንድ ቀን ባዶ ቦታ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ተጣብቶኛል። ዕቃ ሲቀርብልኝ በየት ይገባል ብዬ አልጠይቅም፤ ካልተሸጠ በየት ይመለሳል እላለሁ። ይህ ጥያቄ ብዙ ነጋዴ ከጣለው ገደል አድኖኛል፣ ሱቄንም አስፍቶታል። መኪና ገዝቻለሁ፤ ታርጋ አላት፣ ወረቀቷ የተሟላ ነው።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። መዝጊያውን ሳብኩና እውነተኛውን አደይ ዳግም ለማየት ለማንም ሳልናገር ተነሳሁ። ካራማራ አናት ላይ ስደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መኪናዬን ዳር አቁሜ አሰብኩ። ዝናብ ከመጣስ? ጎማ ከፈነዳስ? መንገድ ከተዘጋስ፣ ደንበኛ መጥቶ ካጣኝስ? ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ፤ አንዱን ስመልስ ሌላው ይመጣል። ስልኬም አልጮኸም፣ ማንም እጁን ዘርግቶ አላስቆመኝም። መንገዱ ቁልቁል እስከሚታየኝ ድረስ ባዶ ነበር። ተቀምጬ አየሁት፣ አየሁት፤ ከዚያ መሪውን ወደ ከተማው አዞርኩ።