በጣት የተሳለ የጉሬዛ ድምፅ

አምቦ፣ ዶርማችን ውስጥ፣ አንዷ ልጅ የስልኳን መቀስቀሻ የሞላችው በወፍ ድምፅ ነው። ጎህ ሲቀድ ያ ድምፅ ሲነሳ እኔ ጊንጪ፣ ቤታችን ነኝ፤ የአስረኛ ክፍል ተማሪ፣ አባቴ አጠገብ።

አባቴ የጭልሞ ደን ጥበቃ ነበር። ስትሮክ ከመታው በኋላ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ከአንደበቱም «እሺ» ብቻ ቀረ። ምሳ ቢሉት እሺ፣ ዝናብ መጣ ቢሉት እሺ። የምንለውን ይረዳል፤ ቃሉ ነው የጠፋበት።

በዚያ ክረምት፣ መናገር ላቃታቸው ሰዎች ሥዕል የምታስተምር አንዲት ወጣት ቤታችን መምጣት ጀመረች። «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ትለዋለች። ከጭልሞ በስልኳ የቀዳችውን ድምፅ ትከፍትና ቀለም ታቀርብለታለች። ብሩሽ መያዝ ስለከበደው በግራ እጁ ጣቶች ይስል ነበር። ውሃ ሲፈስ ሰማያዊ፤ ወፍ ሲዘምር ቢጫ፤ ጉሬዛዎቹ ሲያገሱ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ። አንድ ቀን ጉሬዛውን ስሎ ሲጨርስ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

አጎቴ ግን አላመናትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ተጠራጥሬ ነበር። በነፃ ለምን ትደክማለች? ወረቀቶቹንስ ለምን ይዛ ትሄዳለች?

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለኝ አጎቴ። «ለሁሉ እሺ የሚል ሰው ወረቀት ላይ አሻራውን ያሳርፋል። ነገ ቦታውን ሽጦልኛል ብትልስ?»

«ሥዕል እኮ ነው፣ አጎቴ።»

«አሻራ ሥዕል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

በሚቀጥለው ቀን፣ አስተማሪዋ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ሥዕሎቹ አሉ፤ በእያንዳንዱ ጀርባ የአባቴ ሙሉ ስምና ቀን ተጽፏል። ቦርሳውን መልሼ ዘጋሁት። ለአጎቴ ነገርኩት። «ጎበዝ» አለኝ፤ ያቺን ቃል ለቀናት ይዤያት ዞርኩ። የሳለ ሰው ስሙ ሥዕሉ ላይ መጻፉ ምን ይገርማል? ዛሬ ነው ይህን የምጠይቀው።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ በሩ ላይ ጠበቅኋት።

«አባቴ በቃኝ ብሏል» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴት አድርገው ነገሩሽ?»

በሩን ገርበብ አደረግኩት። ድምፅዋን ሰምቶ ኖሮ አባቴ ከውስጥ ግድግዳውን በመዳፉ ይመታ ጀመር።

«እሳቸው ናቸው?» አለችኝ።

«ንፋስ ነው» አልኳት።

ዣንጥላዋን ዘርግታ በጭቃው መንገድ ወረደች። ከዓይኔ እስክትጠፋ ድረስ በሩን ይዤ ቆምኩ፤ ከኋላዬ ግድግዳው ይመታ ነበር።