ተዘቅዝቀው የተሰፉት ገጾች

በማተሚያ ቤቱ የጥራዝ ክፍል እሷን በስሟ የሚጠራ አልነበረም። «እትዬ ሙጫ» ነበር የሚሏት። አንዴ ከተቀመጠች የምሳ ደወል እንኳ አያላቅቃትም ብለው ነው ያወጡላት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የታጠፉ ወረቀቶችን በየተራቸው ደርድራ፣ ጀርባቸውን ሰፍታ፣ ሙጫ ቀብታ ሽፋን ስታለብስ ኖራለች።

ዓይኗ መድከም ሲጀምር ለማንም አልተነፈሰችም። መጀመሪያ የገጽ ቁጥሮቹ ደበዘዙባት፤ ቀጥሎ መስመሮቹ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ ሥራ ነውና እንዴት ትናገር? የእጥፋቱን ጎን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች መሥራት ያዘች።

አንድ ሰኞ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ይዞ ገባና ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከመካከሉ አሥራ ስድስት ገጽ ተዘቅዝቆ ተሰፍቷል። እንዲህ የሆኑ ሁለት መቶ መጻሕፍት ከትምህርት ቤት ተመልሰዋል።

«ይሄ ያንቺ ሥራ ነው!» አለ፣ ወረቀት ወደምታጥፈው ሴት ዞሮ። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከእትዬ ሙጫ ጎን መሥራት ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ አስተካክዬ ነው አጥፌ የማስቀምጠው...»

«አልሰማሽም! ዕቃሽን ሰብስቢ።»

አጣፊዋ ሽርጧን ትፈታ ጀመር። እትዬ ሙጫ የአጣፊዋን ፊት አላየችም፤ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ግን ሰማች። መርፌዋን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አሉ እትዬ?» አለ ኃላፊው።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ። ክምሩን ዘቅዝቄ ነው ያስቀመጥኩት። ዓይኔ አያይም፤ ዓመት አልፎታል።»

የመቁረጫው ሠራተኛ ማሽኑን አጠፋ። ኃላፊው መጽሐፉን ገልጦ ፊቷ አስጠጋላት።

«እስቲ ይሄ ስንት ቁጥር ነው?»

ገጹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ቁጥሩ ግን አይዳሰስም። እንባ አልወጣትም፤ ፊቷ ብቻ ነደደ።

«ታዲያ ለምን ደበቁን?» ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ብናገር ማን ያስቀረኛል ብዬ ነዋ።»

አጣፊዋ ከሥራዋ አልተነሳችም። እትዬ ሙጫ ግን የተበላሸውን አስተካክላ እንድትሰናበት ተወሰነ። ሁለቱ ሴቶች ሦስት ቀን ተቀምጠው ሽፋኑን ገነጠሉ፣ ክሩን ፈቱ፣ እንደገና ሰፉ። አጣፊዋ እያንዳንዱን እጥፍ አቅንታ ታቀብላታለች። አንዴ አጣፊዋ፣ «ዝም ብትዪ ማንም አያውቅብሽም ነበር እኮ፣ እትዬ» አለቻት።

«እኔ አውቃለሁ አይደል?» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

በመጨረሻው ቀን አጣፊዋ እስከ ታክሲ መያዣው ልትሸኛት ወጣች። እትዬ ሙጫ ዓመት ሙሉ ይህን መንገድ እርምጃዋን እየቆጠረች፣ እንደሚያይ ሰው ቀና ብላ ስትሄድበት ኖራለች። ያን ቀን ግን ክንዷን ለአጣፊዋ ሰጠች።

«ደረጃ አለ እትዬ፤ ቀስ በይ።»

ኋላ ሐኪም አንዱን ዓይኗን አተረፈላት፤ ሌላው ጠፋ። አጣፊዋ እሁድ እሁድ ትጠይቃታለች። በእነዚያ እሁዶች ግን ስለዚያ ሰኞ አንዳቸውም አንስተው አያውቁም።