መሪጌታ ገብረየሱስና ጀርባዋን የሰጠችው ሴት

መሪጌታ ገብረየሱስ ሰውን የሚለዩት በዓይኑ ቁጥር ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ስንት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንደሳሉ ራሳቸውም አያስታውሱትም፤ ሕጋቸው ግን አልተለወጠም። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ሊማሩ ደራ ወርደው፣ ቅኔውን ትተው ይህን ሕግ ከአንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ተቀብለው ተመለሱ። አንድ ቀን፣ "እኔስ በስንት ዓይን እሳላለሁ?" ብላቸው፣ "አንቺ ገና ንድፍ ነሽ" አሉኝ።

ጎረቤታችን ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመጣ፣ አስተማሪያችን ካደለን ወረቀት መካከል አንድ በቀለም የታተመ ሥዕል ይዤላቸው መጣሁ። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አንድ የጣልያን ሠዓሊ የሳለው ነው። ጌታ ከመስቀል ወርዶ በእናቱ ጭን ላይ ተጋድሟል፤ ወዳጆቹ ከበው ያለቅሳሉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው በጣታቸው ዓይን መቁጠር ጀመሩ።

"ዮሐንስ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው" አሉ። "ምን በድሎ?"

"በጎን ስለቆመ ነው፣ መሪጌታ። የሚያየው ጌታን ነው።"

"እሺ። ይቺስ?"

ጣታቸው ከሥዕሉ ግርጌ የተቀመጠች ሴት ላይ አረፈ። አረንጓዴ መጎናጸፊያ ለብሳ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታለች። ፊቷ ጭራሽ አይታይም።

"አንድም ዓይን የላትም። ጻድቅ ናት ኃጥእ?"

የተማርኩትን ሁሉ አወጣሁ። ከኋላ ያለው የድንጋይ ተረተር ከቀኝ ወደ ግራ እየወረደ ዓይናችንን ወደ እናትና ወደ ልጅ ፊት ይመራል አልኩ። የሰዎቹ ጎንበስ ያለ ጀርባና የተዘረጋ እጅ ሁሉ እዚያው ይገናኛል። ሴትዮዋ ደግሞ ክቡን ትዘጋዋለች፤ እኛም ከኋላዋ የተቀመጥን ለቀስተኞች እንሆናለን።

"ድንጋይ ነው ዓይን የሚመራው?" አሉ መሪጌታ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በሚስማር መቱት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ብሩሽ አልያዙም፤ ከሥዕሉ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። የሴትዮዋን ፊት ከጎን ሾልከው ለማየት የሚሞክሩ ይመስሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ እናት ከአጎራባቿ ከገሳይ መጡ። የልጃቸው የታምራት መርዶ ባለፈው ሳምንት ተነግሯቸዋል፤ የሞተው ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ነው። ለቅሶው ለእሑድ ተጠርቷል። በአገራችን አስከሬኑ ላልመጣ ሰው ልብሱና ፎቶው በለቀስተኛው መካከል ተይዞ ነው የሚለቀስለት። ልብሱ አለ። ፎቶ ግን የለም።

"ይሳሉልኝ፣ መሪጌታ።"

"ልጁን አላውቀውም እኮ። መልኩ እንዴት ነበር?"

ቀጭን ነው አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። አፍንጫው ሰልካካ ነው አሉ። ከዚያ፣ "አይ፣ ይኸስ የወንድሜ ነው" ብለው ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ያዙ።

"ጠፋኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ከሄደ አራት ዓመት ሆነው። ሳስበው ሌላ ሰው ነው የሚመጣልኝ። እናት የልጇን ፊት ትረሳለች? ይሳሉልኝና ልያዘው።"

መሪጌታ ከሰል አንስተው ነደፉ፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ ክብ ፊት። እትዬ ጥሩወርቅ አዩትና፣ "እሱ ነው" አሉ። ቶሎ አሉ፤ በጣም ቶሎ። መሪጌታ ንድፉን በመዳፋቸው አጠፉት።

"ይኸ አምና የሳልኩት ቅዱስ ፋሲለደስ ነው። እጄ የለመደው ፊት ነው። ይኸን ከሰጠሁዎ ከእንግዲህ የሚመጣልዎ ይኸ ነው፤ የራስዎ ልጅ ፈጽሞ ይቀራል።"

"ታዲያ ባዶ እጄን ልቀመጥ? ሰው 'ልጅም አልነበራት' ይበለኝ?"

መሪጌታ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ዓይናቸው ጀርባዋን በሰጠችው ሴት ላይ አረፈ። "ለመጨረሻ ጊዜ ሲያዩት እንዴት ነበር?"

"ገሳይ መንገዱ ድረስ ሸኘሁት። 'ዞሬ ካየሁሽ እቀራለሁ' አለኝ። ሳይዞር ሄዶ መኪናው ላይ ወጣ።"

ከዚያ ሳንጠይቃቸው ትዝታው ወረደላቸው። ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል። ማጅራቱ ላይ ምላጭ የቆረጠው ጠባሳ አለ። የጃኬቱ ኮሌታ ግማሹ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የግራ ጆሮው ከቀኙ ሰፋ ይላል። አንዴም አልተሳሳቱ፣ አንዴም የወንድማቸው አልሆነባቸውም። ሰው ፊት ጠፍቶበት ጀርባ እንዲህ ሊቀርለት ይችላል? እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

መሪጌታ ያንን ጀርባ በአቡጀዲ ላይ ሦስት ቀን ሳሉ። እየሳሉም ያጉረመርማሉ። "እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጻድቅ ይሁን ኃጥእ ሰው በምን ይለየዋል? ይቺ ሴትዮ አሳሳተችኝ።" እኔም መልሱን አላውቀውም፤ ይህ በትምህርታችን ውስጥ አልነበረም።

እሑድ ገሳይ ሜዳ ላይ የእትዬ ጥሩወርቅ የወንድም ልጅ መልካሙ ሥዕሉን ደረቱ ላይ ይዞ መሐል ቆመ። ለቀስተኛው ከበበው፤ ወዲያው ማንሾካሾክ ተጀመረ።

"ምነው፣ ተቀየመን እንዴ?" አሉ ዓለሚቱ የሚባሉ አሮጊት።

"ገልብጠህ ይዘኸው እንዳይሆን" አለ ሌላው።

መልካሙ የእውነት መስሎት ጨርቁን ገለበጠው። ከወዲያ በኩል የሙጫ እድፍ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ሙሾ አውራጇ ዝም አለች፤ ሙሾ ፊት ለፊት የሚባል ነገር ነውና ለማን እንደምትለው ግራ ገባት። መሪጌታ አጠገቤ አንገታቸውን ደፍተው፣ "አጠፋሁት። የሴቲቱን ለቅሶ አጠፋሁት" አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከክቡ መሐል ገቡ። ሥዕሉን ብዙ አዩት።

"መልካሙ፣ ከደረትህ አውርደው። በጀርባህ እዘለው።"

"ምን?"

"እዘለው አልኩህ! አሁን ሂድ።"

መልካሙ ጨርቁን በመቀነት ትከሻው ላይ አስሮ መራመድ ጀመረ። እትዬ ጥሩወርቅ ተከተሉት። ያን ጊዜ ነው መርዶውን ከሰሙ ወዲህ ያልወጣው ጩኸት የወጣው፤ "ታምራቴ!" ሲሉ ከሜዳው ዳር የታሰሩት በቅሎዎች ደነገጡ። ክቡ ፈረሰ። ለቀስተኛው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ግር ብሎ ከኋላቸው ተንቀሳቀሰ። አንዳንዱ "ምን ሥርዓት ነው ይኸ?" ይላል፤ ይላል እንጂ አይቀርም። ሙሾ አውራጇም እየሄደች አነሳችው። መሪጌታ በግራ መጋባት እኔን ያዩኛል፣ እኔ እሳቸውን።

ታምራት የተሸኘበት መንገድ ጋ ስንደርስ መልካሙ እግሩን ገታ አደረገ። መዞር ፈራ።

"አክስቴ፣ ልቁም?"

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ከሥዕሉ አልነቀሉም። ሁላችንም ከኋላቸው ቆመን ጠበቅን።

"ጥቂት ሂድ" አሉ። "ጥቂት ብቻ።"