ይቅርታ ጠያቂው ሰርቨር

ደብረ ታቦር በሚገኝ ኮሌጅ በኔትወርክ ባለሙያነት ሥራ የጀመርኩት መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት ነው። አለቃዬ አቶ ምስጋናው የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝና፣ ሪቨርስ ፕሮክሲው አልነሳ ማለቱን የዘመድ ሕመም እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

ሪቨርስ ፕሮክሲ ለማያውቀው የደጅ አጋፋሪ ማለት ነው። ከውጭ የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ውስጥ ላሉት ሰርቨሮች ያደርሳል። እሱ ከተኛ የውስጦቹ መንቃት ለማንም አይጠቅምም። ቀኑ ደግሞ የምዝገባ መዝጊያ ነበር።

አቶ ምስጋናው ጨዋ ሰው ናቸው። እንደሳቸው ያለ ሌላ ሰው በር ላይ ካገኙ፣ "ይቅደሙ" ሲባባሉ ስብሰባው ያልቃል።

የአሠራር ትእዛዞቹ የተጻፉበትን የኮንፊገሬሽን ፋይል ፈተሽኩ፤ ስህተት የለውም። ፕሮክሲውን አስነሳሁት፤ ወደቀ። አለቃዬ ፕሮግራሙ ተበላሽቷልና ነቅለን እንደ አዲስ እንጫን አሉ። በእኛ ኢንተርኔት ማውረዱ ብቻ ያስመሻል።

በዚህ መካከል ከጉና ልጃቸውን ይዘው የወረዱ አባት ብቅ አሉ። ልጅቱ ዛሬ ካልተመዘገበች ቦታዋን ታጣለች። ስልኳን ዘረጉልን።

"ልጆቸ፣ ይኸ ስልክ ከጧት ጀምሮ ይቅርታ ይለኛል። እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ልጀን መዝግቡልኝ።"

ገጹ "የተከበራችሁ ተገልጋዮቻችን፣ ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን" ይላል።

"አቶ ምስጋናው፣ ፕሮክሲው ካልተነሳ ይህን ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው?" አልኳቸው።

ፊታቸው ቀላ። እንግዳ ደጅ ቆሞ መልስ ሲያጣ ነውር ነው ብለው፣ ፕሮክሲው በወደቀ ጊዜ ይቅርታ የሚል ትንሽ ዌብ ሰርቨር እዚያው ማሽን ላይ ጭነው ኖሯል። ማሽኑ ሲበራ በራሱ እንዲነሳም አድርገውታል። ሁለቱም ጥያቄ የሚቀበሉት በአንድ ፖርት፣ ማለትም በአንድ መግቢያ በር፣ በቁጥር ሰማንያ ነው፤ አንድ ፖርት ደግሞ ሁለት አያስተናግድም። መብራት ሲመጣ ይቅርታው ቀድሞ ገባ፤ ፕሮክሲው ውጭ ቀረ። ፕሮክሲው የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ሎግ ስከፍት ይኸንኑ ይላል።

ይቅርታውን አጠፋሁት፤ ዳግመኛ በራሱ እንዳይነሳም ከለከልኩት። ፕሮክሲው ወዲያው ተነሳ። ልጅቱ እዚያው ቆማ ቅጹን ሞላች፤ "ምዝገባዎ ተጠናቋል" የሚለው ሲመጣ እኔም እንደ አባቷ በረጅሙ ተነፈስኩ።

አቶ ምስጋናው ከወንበራቸው ተነስተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ።

"ኧረ ይብቃ ጌታው፤ እሱንስ ጠገብን" አሉ አባትየው።

ከዚያ ወዲህ ለማሠለጥናቸው ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ሰርቨር አልነሳ ሲላችሁ፣ ፕሮግራሙን ከመንቀላችሁ በፊት ፖርቱን ማን እንደያዘው እዩ።